ቅሬው የተሸከማት ጀልባ

ጀልባ ገዝቻለሁ። ደሴ ላይ። ደሴን የሚያውቅ ሰው አንዴ ስቆ ይጨርስና እንቀጥል። ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር ዳገት ላይ የተለጠፈች ናት፤ እዚያ ቆሞ የሚገኝ ውሃ ቢኖር ባልዲ ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ቧንቧ በጠፋ በሁለተኛው ቀን ያልቃል። ሐምሌ ሲገባ በእርግጥ ውሃ በሽ ነው፤ ግን ያ ውሃ ወደ ታች ለመውረድ የቸኮለ ነው፣ ማንንም አሳፍሮ አያውቅም።

ደግሞ ለመዝናኛ አይደለም የገዛኋት። ልኖርባት ነው። አዎ፣ አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ሳቅ ሳቁ።

እኔ ሥራዬ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ጥራት ቁጥጥር ክፍል። ከጠዋት እስከ ማታ ጨርቅ ብርሃን ላይ ዘርግቼ እንከን እፈልጋለሁ። ፀጉር የምታክል የክር ስህተት አታመልጠኝም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ጀልባዋን እንዴት እንደገዛኋት ስነግራችሁ ታዝኑልኛላችሁ።

መኖሪያዬ ግን ደሴ ነው፤ በሰርቪስ እየተመላለስኩ ነው የምሠራው። ደሴ ውስጥ ዘጠኝ ቤት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ከዘጠኙም በሰላም ነው የወጣሁት፤ ግን ወጥቻለሁ። አንዱ ባለቤት ቤቱ ሊታደስ ነው አለኝ፤ እስካሁን አልታደሰም። አንዷ አከራይ «እህቴ ከዓረብ አገር መጣችብኝ» አለችኝ፤ ከእኔ በኋላ የገባው ግን ሪዛም ሰውዬ ነው። አንዱማ ምንም ሰበብ ሳይፈልግ ዕቃዬን በሥነ ሥርዓት አጣጥፎ በሬ ላይ ጠበቀኝ፤ እውነት ለመናገር እኔ እንደዚያ አጣጥፌው አላውቅም።

ዘጠነኛዋ ሆጤ ሰፈር ያሉት እትዬ ዘነቡ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ስድስት ዓመት ቆየሁ። ሕጋቸው ብዙ ነው፦ ካውያ ቅዳሜ ብቻ፣ በር በቀስታ፣ አምፖል ከመተኛት በፊት ሳይሆን ከመጋደም በፊት። ለመድኩት። እንዲያውም ወደድኩት። ሚያዝያ ላይ ታዲያ አንድ ሳህን ቆሎ ይዘው መጡ። እትዬ ዘነቡ ቆሎ ይዘው ከመጡ ነገር አለ።

«ጌትዬ ሊያገባ ነው» አሉኝ። ጌትዬ አንድ ልጃቸው ነው። «ያው እንግዲህ ክፍሉ ለሙሽሮቹ ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ትለቅልኛለህ። ቅር እንዳይልህ ልጄ።»

ምን ቅር ይለኛል አልኳቸው። ቅር አለኝ። በጣም ነው ቅር ያለኝ። ሰው ዘጠኝ ጊዜ ልቀቅ ሲባል ጥፋቱ የቤቱ ሳይሆን የራሱ ይመስለዋል። ያን ቀን ቆሎውን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ስቆረጥም በአርባ ስድስት ዓመቴ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ጥርሴንም አመመኝ።

እዚህ ላይ ነው ፈረንጁ የሚመጣው። በማግስቱ ሰርቪስ ውስጥ ስልኬን ስነካካ አንድ ሽበታም ፈረንጅ አየሁ። ሰውዬው በአገሩ በተቆፈረ የውሃ ቦይ ላይ፣ ረጅም ጠባብ ጀልባ ውስጥ ይኖራል። ምድጃ አለው፣ አልጋ አለው፣ ጣሪያው ላይ ቲማቲም ተክሏል። አከራይ የለውም። እኔ ይህን ቪዲዮ ከደሴ ኮምቦልቻ እስክንደርስ አራት ጊዜ አየሁት። ከዚያ አሰብኩ፦ ሐይቅ ከተማ ከነሐይቋ ቅርብ ናት። ሐይቁ ደግሞ ውሃ ነው። ውሃ ላይ የሚያገባ የአከራይ ልጅ የለም።

ኮምቦልቻ እንድሪስ የሚባል ደላላ አውቃለሁ። ደላላ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ስልኩን በጆሮው ሳይሆን በአፉ ነው የሚይዘው።

«እንድሪስ፣ ጀልባ ይገኛል?» አልኩት።

«ስንት መኝታ?» አለኝ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው። የለም የሚባል ቃል ከአፉ አይወጣም። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። «ያረቢ! አንተስ ዕድለኛ ነህ! ከነጣሪያዋ ተገኘች! ቶሎ ናልኝ፣ ሌላ ገዢ አለባት!» ኮምቦልቻ ውስጥ ከእኔ ሌላ ጀልባ የሚፈልግ ሰው አለ ብዬ አምኜ ምሳዬን ሳልበላ ሮጥኩ።

ጀልባዋ ቦርከና ወንዝ አጠገብ እማማ ጦይባ የሚባሉ ሴትዮ ጓሮ ውስጥ ነበረች። አንድ ሰውዬ ሐይቅ ላይ ጎብኚ አመላልሳለሁ ብሎ እዚያው ጓሮ ተከራይቶ ካሠራት በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ጅቡቲ ሄደ፤ እማማንም ያንቺው ትሁን ብሏቸው ቀረ። ርዝመቷ ስምንት እርምጃ፣ ወርዷ ሁለት እርምጃ አይሞላም። ከላይ የጣውላ ክፍል አላት፤ ግራና ቀኝ ትንንሽ መስኮት። አንድም ቀን ውሃ ነክታ አታውቅም። እንድሪስ ግን «ያገለገለች ናት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አራት ዓመት የዶሮ ቤት ሆና አገልግላለች።

በሬ ስትገዙ ጥርሱን ታያላችሁ። መኪና ስትገዙ ጎማውን በእግራችሁ መታ መታ አድርጋችሁ ኮፈኑን ታስከፍታላችሁ። ጀልባ ስትገዙ ምን ይደረጋል? የነገረኝ የለም። እንደ በር አንኳኳኋት። እንድሪስ ጆሮውን ለጠፈባትና ዓይኑን ጨፈነ።

«ስማ!» አለኝ። «ይሄን የመሰለ ድምፅ ያለው ዕቃ ውሃ አያስገባም። ሐቂቃውን ነው የምነግርህ።»

እኔም ጆሮዬን ለጥፌ፣ እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ዞር ብዬ ሥሯን ለማየት አላጎነበስኩም። ፀጉር የምታክል እንከን የማታመልጠው ሰውዬ!

ዋጋው ላይ ተስማማን። እማማ ጦይባ ግን አንድ ነገር ቀረኝ አሉ። ከኋላ መቀመጫው ሥር አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች።

«ዘጠኝ ቀን ነው የቀራት» አሉኝ። «ካስነሳሃት እንቁላሉ ሁሉ መና ቀረ።»

«ታዲያ ጀልባዋን ዘጠኝ ቀን ቆይቼ ልውሰዳት፣ እማማ?»

«አይሆንም ልጄ፣ ሰኞ ግንበኞች ይገቡብኛል፣ ቦታው ይፈለጋል። ዶሮዋን ከነእንቁላሏ ይዘሃት ሂድ። ስትፈለፍል ከነልጆቿ ታመጣልኛለህ። ማልልኝ።»

«በእመቤቴ» አልኩ።

«ጥሩ። በእኔም በኩል ጨምርበት።»

«ወላሂ» አልኩ። እንግዲህ በሁለት ወገን ተይዣለሁ ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት የዓመት ፈቃድ ወስጄ ጀልባዋን አንድ አይሱዙ ላይ አስጫንኳት። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ ሆጤ ወስጄ ዕቃዬን እጭንባታለሁ፣ በማግስቱ ወደ ሐይቅ። ከእሷ ጋር አንድ ሰው ደሴ የሚያደርሰው ጥቂት ጆንያ ሽንኩርት አብሮ ተጭኗል። እኔ ጀልባዋ ውስጥ ሆኜ ዶሮዋን በሰፌድ ከልዬ ያዝኳት። የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ስንወጣ የጀልባዋ ጭራ ከመኪናው ወጥቶ ገደል ገደሉን ያያል። ከኋላችን የሚመጡ ሚኒባሶች ለመቅደም ሳይሆን ፎቶ ለማንሳት ነበር የሚጠጉን። እኔም በመስኮቴ እጄን እያወጣሁ ሰላም እላለሁ። እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር!

ሹፌሩ ሽንኩርቱን የሚያወርደው ሰኞ ገበያ ነው። ሰኞ ገበያ፣ በሰኞ ቀን። ይህን አስቀድሞ ማሰብ የእኔ ድርሻ ነበር፤ አላሰብኩም። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ የጀልባዋ ጭራ ወደ ቀኝ ዞረና አንድ ረድፍ ጃንጥላ ጠረገ፤ ቀጥሎ የተሰቀለ ቀሚስ ለበሰ፤ ከዚያ አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አጣው። ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ነፍቶ ሲጨርስ ትንፋሹን ሰበሰበና «ይሄን ነገር አውርድ» አለ። ስሙን አላወቀውም፤ ይሄን ነገር ነው ያለው።

ሹፌሩ በገበያው ሰው እርዳታ አውርዶ መንገድ ዳር አስቀመጠልኝ። ለማገዝ ዘልዬ ስወርድ ቁርጭምጭሚቴ ተጠመዘዘ። ሹፌሩም «አብሽር፣ ሰው ታገኛለህ» ብሎኝ ጠፋ።

ሰው ሲጠፋ የሚደወለው ለቅሬ ነው። ወሎ ላልኖረ ሰው ልንገረው፦ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው የሰፈር ማኅበር ነው፤ ስንሞት የሚያነሳን፣ ሰው ሲሞትብን የሚያስተዛዝነን። የእኛ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ ዳኛው ጋሽ ይመር ናቸው። ደወልኩላቸው።

«ጋሽ ይመር፣ ሰኞ ገበያ ጀልባ ይዤ ቆሜያለሁ። እግሬም ተጠምዝዟል። የሚሸከም ሰው ይላኩልኝ።»

«ስንት ሰው?» አሉኝ።

ለምን ጀልባ እንደያዝኩ አልጠየቁኝም። ቅሬ አይጠይቅም፤ ይመጣል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አርባ የሚሆኑ የሆጤ ሰዎች ረዣዥም የመሸከሚያ እንጨት ይዘው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው ደረሱ። ማካፋት ስለጀመረ የቅሬውን አረንጓዴ ሸራም ይዘው ነበር። ጋሽ ይመር እግሬን ዓይተው «አንተ መራመድ የለብህም፤ ግባ ውስጥ፣ ዶሮህን ያዝ» አሉኝ። ገባሁ። ሸራውን ከአናቷ እስከ ጭራዋ አለበሷት። ቀጥለው ጮክ ብለው የቅሬውን ሕግ አስታወሱ፦ ሸክም ላይ ወሬ የለም፤ ያወራ ይቀጣል። ግማሹ ቢስሚላህ አለ፣ ግማሹ በስመ አብ አለ፣ ተነሳን።

አያችሁ፣ የእኛ ቅሬ የሚያውቀው አንድ አሸካከም ብቻ ነው።

መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። ውስጡ አረንጓዴ ጨለማ ነው፣ ዶሮ ዶሮ ይሸታል፣ ከሥሬ አርባ ትከሻ ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘኛል። ውሃ ላይ መሆን እንዲህ ነው ማለት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ አንድ ነገር ጆሮዬን ከነከነኝ። ጸጥታ። ሰኞ ገበያ በሰኞ ቀን ጸጥ ይላል? ዘፈን የከፈተው ሱቅ ዘፈኑን አጠፋ። ሚኒባሱ ጡሩንባውን ተወ። አንድ ሽማግሌ ከአጠገቤ በለሆሳስ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ሲሉ ሰማሁ። ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት «ነፍስ ይማር» አለች።

እኛ አገር ቃሬዛ ሲያልፍ ቆሞ የሚያይ የለም። መንገደኛው ዕቃውን ያስቀምጥና ጥቂት እርምጃ ትከሻውን ይሰጣል፤ ከላይ የሚከፈል አጅር አለው። የማን ነው ብሎ አስቀድሞ አይጠይቅም። እንግዲህ ቲማቲም የሚሸጠውም፣ ጫማ የሚጠግነውም፣ ባርኔጣው የተወሰደበት ሰውዬም ጭምር እየገቡ ይሸከሙኝ ጀመር።

«ርዝመቱን አያችሁት?» አለች ሴትዮዋ። «ምን ያለ ዠርጋዳ ሰው ነው የሞተው!»

«ኧረ አንድ ሰው እንዲህ አይረዝምም» አለ አንድ ወንድ። «ሁለት ናቸው። አደጋ ነው።»

«ባልና ሚስት ናቸው አሉ፣ ከቢስቲማ ሲመጡ» አለ ሌላ።

ዕድሜ ልኬን ሳላገባ ኖሬ፣ በመቶ እርምጃ ውስጥ አገባሁ፤ ሚስቴም ሞተችብኝ። ከልቤ አዘንኩላት።

ለምን አልጮህክም ትሉኝ ይሆናል። አሰብኩበት። ቃሬዛ ውስጥ ሆኖ «አለሁ!» የሚል ሰው ቢሰማ ሸካሚው ምን ያደርጋል? ይለቃል። ሸካሚው ከለቀቀ እኔ እወድቃለሁ፣ እንቁላሉ ይሰበራል፣ በሁለት በኩል የማልኩት መሐላ ይፈርሳል። ስለዚህ ለሁላችንም ደህንነት ሞቼ መቆየት ይሻላል አልኩ። የቅሬው ሰዎች እንዳይናገሩ ሕጉ ይዟቸዋል። ጋሽ ይመር ደግሞ ፊት ፊት እየሄዱ፣ ሕዝቡ ለማገዝ የወጣ መስሏቸው ኮርተዋል። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ አልደብቃችሁም። አንድ ሰው «ደግ ሰው ነበር መሰለኝ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ የወጣለት» ሲል ሰማሁ። ትንሽ መስማት አማረኝ።

ወደ መንታው መንገድ ስንደርስ ሕዝቡ ስንት እንደሆነ እንጃ፤ ድምፁ ግን እንደ ጎርፍ ነበር። እዚህ ላይ ችግር ተፈጠረ። ሟቹ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን የጠየቀ አልነበረም። ከፊት የነበሩት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሽቅብ ሳቡ፤ ከኋላ የነበሩት ወደ እስላም መቃብሩ ወደ ቀኝ ሳቡ። ጀልባዋ መንታ መንገዱ መሐል አንዴ ዞረች። ሁለተኛም ዞረች። ሁለቱም ወገን ደግሞ ጨዋ ነው፤ አንዱ ሲለቅ ሌላውም እንግዲያው እንዳላችሁ ይላል፤ ሁለቱም እየለቀቀ፣ ሁለቱም እየሳበ ሦስተኛ ዞርኩ። በዚህ ጊዜ ዶሮዋ ትዕግሥቷ አለቀ። ሰፌዱን በክንፏ መትታ፣ የደሴ ሰው ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ ተንጫጫች።

ሳቢውም ለቃቂውም ባለበት ቆመ።

«ሰማችሁ?» አለ አንድ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ።

«ዶሮ ናት» አለ ሌላው።

«ቃሬዛ ውስጥ ዶሮ ምን ትሠራለች?»

አንድ አዋቂ መሳይ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገና «በቢስቲማ በኩል እንዲህ ያደርጋሉ» አለ። ሁሉም ተረጋጋ። የቢስቲማ ሰዎች ይቅር በሉን፤ እንደማታደርጉት አውቃለሁ።

ያኔ ጋሽ ይመር ክርክሩን ዓይተው «ያ ጀመዓ! መጀመሪያ ሆጤ፣ ቤቱ ይድረስ!» ብለው ጮኹ። ሁሉም ትክክል ነው አለ፤ ሟች ቤቱን ሳይሰናበት አይሄድም። ወደ ሆጤ ዞርን።

እትዬ ዘነቡ የሕዝቡን ድምፅ ሰምተው ከግቢያቸው በር ወጡ። መጀመሪያ ጋሽ ይመርን አዩ። ቀጥሎ ሸራውን አዩ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን የነገሩኝ በኋላ ነው፤ እኔን ከሸካሚዎቹ መሐል ፈለጉኝ። ቁመቴ ስለሚመች ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀብሩ ከፊት በግራ በኩል የምሸከመው እኔ ነኝ። ከፊት በግራ በኩል ጫማ ጠጋኙ ነበር።

ነጠላቸውን መሬት ጣሉት። እኔ የሰማሁት ጩኸታቸውን ነው። ቀጥለው፣ በሕይወት ያለ ሰው የማይሰማውን ነገር ሰማሁ፤ ሙሾዬን። እትዬ ዘነቡ ሙሾ አውራጅ መሆናቸውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለእኔ ይደርሰኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

«መብራቱን አጥፍቶ፣ በሩን የሚዘጋ፣
እንዳንተ ያለ ሰው የት ልሂድ ፍለጋ!»

ሕዝቡ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዓመት አምፖል ሳጠፋ ማንም ያየኝ አይመስለኝም ነበር። ዶሮዋን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ እንባዬን በክንፏ እየጠረግሁ ሰማሁ። እትዬ ዘነቡ ደረታቸውን መትተው ቀጠሉ፦

«ልቀቅ ያልኩህ ቤቱን፣ መች ዓለሙን አልኩህ፣
ተነሳና ግባ፣ በነፃ ሰጠሁህ!»

ይህን ሰምቶ የማይነሳ ሬሳ ያለ አይመስለኝም። እኔ ተነሳሁ። ሸራውን ገልብጬ፣ ቀይ ዶሮ ታቅፌ፣ ዓይኔ አብጦ «እትዬ፣ እውነትዎን ነው?» አልኳቸው።

የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም፤ ያየሁት ጀርባ ብቻ ነው። ልጅ ያዘለችው፣ እግሩ የማይሄድለት፣ ምርኩዝ የያዘው ሁሉ ሮጠ። አዋቂ መሳዩ ሰውዬ አጥር ዘለለ። ሰኞ ገበያ ሙሉ በሙሉ ወደ ሰኞ ገበያ ተመለሰ። የቅሬው ሰዎች ግን አንድም አልሮጠም፤ እኔ ውስጥ እንዳለሁ ያውቃሉና ጀልባዋን ግቢው መሐል ቀስ አድርገው አስቀመጧት፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ ያኔ ብቻ አንዱ አፉን ከፍቶ «አሁን ማውራት ይቻላል?» አለ። ግቢው ውስጥ አሥራ ሰባት ጫማ ቀረ፤ ሁሉም የአንድ እግር።

እትዬ ዘነቡ አልሮጡም። ቀርበው ጉንጬን ነኩኝ። ግንባሬን ነኩኝ። እጄን ጨበጥ አደረጉ። ከዚያ የወደቀ ጫማ አንስተው ትከሻዬን ሁለት ጊዜ መቱኝ። «ምሳ በልተሃል?» አሉኝ።

«አልበላሁም» አልኩ። «ግን እትዬ፣ በነፃ ሰጠሁህ ያሉትስ?»

«እሱ ለሞተው ነው» አሉ።

ጋሽ ይመር የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ዳኙን። «ዘነቡ» አሉ፣ «በሙሾ የተሰጠ ነገር አይታጠፍም፤ ሕዝቡ ሁሉ ሰምቷል። አንተም ደግሞ የሙሽራ ክፍል ልትቀማ አይገባህም። ስለዚህ ክፍሉ ለጌትዬ ይሁን። ጀልባዋ እዚሁ ትቀመጥ፤ አንተም ውስጧ ኑር።»

«ጋሽ ይመር፣ እኔ እኮ ወደ ሐይቅ ልወስዳት ነው።»

«በምን?» አሉኝ። «ቅሬ አንዴ ያደረሰውን መልሶ አያነሳም።»

ይኸውላችሁ፣ እግሬ ሲሻለኝ እወስዳታለሁ አልኩ። ዶሮዋ በቀኗ አሥራ አንድ ጫጩት ፈለፈለች፤ በካርቶን አድርጌ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወሰድኳቸው። እማማ ጦይባ አንድ በአንድ እያነሱ ካዩ በኋላ «የዞረባቸው ይመስላሉ» አሉኝ። ጌትዬም አገባ። የሠርጉ ፎቶ ሁሉ ጀልባዬ ላይ ነው፤ በሁሉም ፎቶ ላይ በመስኮቱ ውስጥ ካልሲ ሲደርቅ ይታያል።

ሐምሌ ገባ። በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጠዋት ስነቃ ፍራሼ ረጥቧል። ጣሪያውን አየሁ፤ ደረቅ ነው። ውሃው የገባው ከሥር ነው። አጎንብሼ ሥሯን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በባለሙያ ዓይን መረመርኳት፤ ሰባት ቀዳዳ ቆጠርኩ፤ በአንዱ አውራ ጣቴ ያልፋል። ሐይቁ ላይ ብሆን ኖሮ ቅሬው ሁለተኛ ይመጣልኝ ነበር፤ ያኔ ደግሞ እውነቱን ነው። ለእንድሪስ ደወልኩለት። «ድምፁ ግን ጥሩ ነበር» አለኝ።

ቀዳዳውን ደፍኜ ተቀመጥኩ። ነሐሴ መግቢያ ላይ አንድ ጠዋት ዝናቡ ባሰና ከላይኛው ሰፈር የወረደው ጎርፍ በአጥሩ ሥር ገብቶ ግቢውን ሞላው። ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ ወለሉ ከእግሬ ሥር ላላ አለ። ጀልባዬ ተንሳፈፈች! አንድ ስንዝር ያህል ወደ በሩ ሄደች፤ ከዚያ ሌላ ስንዝር። በዕድሜዋ የመጀመሪያ ጉዞዋ ነው። በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ በደስታ ልጮህ ስል እትዬ ዘነቡ ከቤታቸው ሲሮጡ አየሁ። ጫማ አላደረጉም። ውሃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። የልብስ ማስጫውን ገመድ ከነመቆንጠጫው በጥሰው ይዘዋል።

አንድ ቃል ሳይናገሩ አንዱን ጫፍ ከጀልባዋ አፍንጫ አሰሩት፤ ሌላውን ጫፍ ከራሳቸው ቤት ምሰሶ ጋር አዙረው ሦስት ጊዜ ቋጠሩት። እርጥብ ፀጉራቸውን ከዓይናቸው ላይ ገለጡና በመስኮቱ አፈጠጡብኝ።

«የት ልትሄድ ነው?» አሉኝ።

«የትም» አልኳቸው።

በቁጣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ውሃውን እየረገጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኔን ልቀቅ ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ የያዘኝ ሰው ግን አይቼ አላውቅም ነበር። በመስኮቱ እጄን አውጥቼ ገመዱን ጎተት አድርጌ ሞከርኩት። ጠንካራ ነው።